ጣና ላይ ቀን ብራ፣ ሌሊት ዶፍ፦ ለአንድ ጀልባ ነጂ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባሕር ዳር የሞተር ጀልባ እነዳለሁ። እንግዶችን ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት አመላልሳለሁ። ሁለት ነገር ግራ ይገባኛል። አንደኛ፣ ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ዙሪያው ተራራ ሲጠቁርና ሲያጉረመርም፣ ሐይቁ ላይ ሰማዩ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው። ሌሊት ግን ነጎድጓዱም ዶፉም ከሐይቁ በኩል ይመጣል። ሁለተኛ፣ ሬዲዮ ላይ ‹ፓስፊክ ውቅያኖስ ስለሞቀ ክረምቱ ሊዳከም ይችላል› ሲሉ እሰማለሁ። ውሃ ሲሞቅ ትነት ይጨምራል፣ ትነት ሲጨምር ዝናብ ይጨምራል ተብለን ነው የተማርነው። ታዲያ ውቅያኖሱ ሲሞቅ እኛ ጋ ለምን ይደርቃል?»

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ሁለት ጥያቄ የጠየቅህ መስሎሃል እንጂ የጠየቅኸው አንድ ነው።

ትምህርት ቤት የተማርከው ስህተት አይደለም። ግን ግማሽ ነው። ውሃ ሲሞቅ ትነት ይጨምራል፣ እውነት ነው። ደመናው የት ላይ ተነስቶ የት ላይ እንደሚዘንብ የሚወስነው ግን የውሃው ሙቀት ብቻ አይደለም። ውሃው ከጎኑና ከላዩ ካለው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ይሞቃል ነው ጥያቄው። ልዩነቱን ነው ማየት። ጣና ላይ ልዩነቱ በሐይቁና በየብሱ መካከል ነው። ፓስፊክ ላይ ደግሞ በአንዱ ውቅያኖስ ምሥራቅና ምዕራብ መካከል ነው።

ከደጃችን እንጀምር።

ጣና ወደ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ከባሕር ጠለል በላይ 1785 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል። ስፋቱን ያየ እንግዳ ጥልቅ ይመስለዋል፤ አንተ ግን መልሕቅ ስትጥል ታውቀዋለህ። ጥልቅ የሚባለው ቦታ 15 ሜትር ቢደርስ ነው። አማካዩ 8 ወይም 9 ሜትር ነው። ትልቅ ትሪ ላይ የፈሰሰ ውሃ በለው።

ትሪም ቢሆን ሙቀት በማከማቸት ግን የሚችለው የለም። 1 ሜትር ኩብ ውሃን በ1 ዲግሪ የሚያሞቅ ጉልበት፣ በእኛ ከፍታ ላይ ያለውን ከ4000 ሜትር ኩብ በላይ አየር በ1 ዲግሪ ያሞቃል። መሬቱ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። አፈር ላይ ያረፈ የቀን ፀሐይ ከላይኛው ስንዝር ብዙም ወደ ታች አይዘልቅም። ስለዚህ ያቺ ስስ ሽፋን ቶሎ ትግላለች፣ ቶሎም ትበርዳለች። ቀን በባዶ እግር የማትረግጠው አስፋልት ንጋት ላይ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ታገኘዋለህ። ውሃውን ግን ነፋስ ያማስለዋል። ላይ የሞቀው ወደ ታች ይገባል፣ ታች ያለው ወደ ላይ ይመጣል። ጣና ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ማማሰሉ እስከ ወለሉ ድረስ ይደርሳል።

እስቲ ቀለል ያለ ሒሳብ እንሥራ። ሐይቁ ሌሊቱን በትነትና በጨረር ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 160 ዋት ያህል ያጣል እንበል። ለ12 ሰዓት ሙሉ። ብዙ ይመስላል አይደል? ለ8 ሜትር ውሃ ስታካፍለው ግን ሙቀቱ የሚወርደው በ0.2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። በበጋ በዚያው ሌሊት የከተማው አየር ከ10 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። በታኅሣሥ ጠዋት ጃኬት ደርበህ ስትመጣ እጅህን ውሃው ውስጥ ብትነክር ለብ ያለ የሚመስልህ ለዚህ ነው። ውሃው አልሞቀም። አየሩ ነው ጥሎት የሄደው።

አሁን የቀኑን ነገር ተከተል። ከረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ የብሱ ግሏል፤ ሐይቁ ገና ነው። የብስ ላይ ያለው አየር ቀሎ ወደ ላይ ይነሳል። ቦታውን ለመሙላት የሐይቁ ቀዝቀዝ ያለ አየር ወደ ዳር ይነፍሳል። ባሕር ዳር የሐይቁ ደቡብ ጫፍ ላይ ስለሆነች ይሄ ነፋስ ለእኛ ከሰሜን ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ጀልባህን የሚንጠው ሞገድ የእሱ ሥራ ነው። ተራራውም ያግዘዋል። በምሥራቅ ጉና፣ በደቡብ ምሥራቅ ጮቄ፣ ሁለቱም ከ4000 ሜትር በላይ ናቸው። ፀሐይ የመታቸው ተዳፋቶች አየሩን ሽቅብ ይስቡታል። ሽቅብ የወጣ አየር ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ ደመና ይሆናል፣ ከሰዓት በኋላ ያጉረመርማል።

ሐይቁ ላይስ? ከሐይቁ ወደ ዳር የሸሸው አየር መተኪያ ይፈልጋል። መተኪያው የሚመጣው ከላይ ነው፣ ቀስ ብሎ እየወረደ። የሚወርድ አየር ደግሞ ይሞቃል፣ ይደርቃል፣ ደመና ያጠፋል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥተህ ብታይ፣ በዙሪያው ደመናው እንደ አክሊል ተደርድሮ መሐሉ ላይ ሐይቁ ፀሐይ ሲሞቅ የምታገኝባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ክረምቱ ሲከር፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ሰማዩ በጠቅላላው ስለሚሸፈን አክሊሉ ይደበዝዛል። ግንቦትና መስከረም ላይ ግን ጥርት ብሎ ይታያል።

ሌሊት ሁሉም ይገለበጣል። ተዳፋቱ ይበርዳል። የበረደ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል። ከጉናም፣ ከጮቄም፣ ከሰሜኑ ከፍታም ወደ አንድ ቦታ ነው የሚወርደው፤ ጣና ከሳህን ግርጌ ነውና። ሐይቁ ላይ ሲደርስ ከታቹ የሚጠብቀው ለብ ያለ ውሃ ነው። ከአራቱም አቅጣጫ የመጣ አየር ተጋጨ፣ መሄጃው ሽቅብ ብቻ ሆነ። ከታች ደግሞ ሙቀትና እርጥበት ይሰጠዋል። ክረምት ሆኖ አየሩ አስቀድሞ እርጥበት ከጠገበ፣ የሚሆነውን አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። በጣና ተፋሰስ ያሉ የዝናብ መለኪያዎችም ይሄንኑ ያሳያሉ። ተራራው ላይ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይበዛል፣ ሐይቁ ዳር ደግሞ ከምሽት ጀምሮ ሌሊቱን።

ይሄ የጣና ብቻ ጠባይ አይደለም። ቪክቶሪያ ሐይቅ በስፋት ከጣና ከ20 እጥፍ ይበልጣል፤ እዚያም የሌሊት ነጎድጓድ የዓሣ አጥማጆች ዋና ጠላት ነው።

እኔ ራሴ ይሄን በመጽሐፍ አውቄው፣ በአካል የተማርኩት ተደብድቤ ነው። ወጣት ሳለሁ የውሃውን የሌሊት ሙቀት ልለካ ቴርሞሜትር በሲባጎ አስሬ፣ ደብተር ይዤ፣ ጀልባ ተከራይቼ ወጣሁ። ነሐሴ ነበር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ባለ ጀልባው ሰማዩን ቀና ብሎ አየና «እንመለስ» አለኝ። እኔ ሊቁ «ገና ሁለት ልኬት ይቀረኛል» አልኩ። ዶፉ መሐል ላይ አገኘን። ቴርሞሜትሩ ሐይቁ ውስጥ ቀረ። ደብተሩ ላይ ያለው ቀለም ፈሶ የተረፈኝ አንድ ቁጥር ነው። እሱም ቢሆን 23 ይሁን 28 እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። እስካሁን ሙቀት «ይሰጠዋል» ስል ነበር። እንዴት ነው ውሃ ለአየር ሙቀት የሚሰጠው? መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው በመነካካት ነው፤ ውሃው የነካው አየር ይሞቃል። ይሄ ከሁሉም ትንሹ ነው። ሁለተኛው በጨረር ነው፤ ውሃ ዓይናችን የማያየው የሙቀት ጨረር ሌት ተቀን ወደ ሰማይ ይለቃል። ሦስተኛው ትነት ነው፣ ዋናውም እሱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የውቅያኖሱም ሚስጥር ያለው እዚህ ነው።

ባሕር ዳር ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከፍታ ላይ ስለሆንን። 1 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስተህ እስኪፈላ ለማድረስ የሚፈጀውን እሳት አስብ። ያንኑ 1 ሊትር ከሐይቁ ገጽ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚያስፈልገው ሙቀት የዚያ 8 እጥፍ ያህል ነው። እሳት የለም፣ ጭስ የለም፣ ማንም አያየውም። ግን ሙቀቱ ከውሃው ይወሰዳል። እናቶቻችን ውሃ በእንስራ የሚያስቀምጡት ይሄንን ስለሚያውቁ ነው። እንስራው ያልበዋል፣ ላቡ ይተናል፣ ውስጡ ያለው ይበርዳል።

ጣና በአማካይ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይተናል። ትንሽ ትመስላለች። በ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስታባዛት ግን በቀን 12 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው። በዓመት ከሐይቁ ገጽ ወደ ሰማይ የሚሄደው ውሃ በዓባይ መውጫና ውሃውን ወደ በለስ ኃይል ማመንጫ በሚወስደው ዋሻ ከሚወጣው ድምር ይበልጣል። ሰው ስለ ፍሰቱ ሲከራከር ይውላል፤ ትልቁ ወጪ ግን ያለ ድምፅ ሽቅብ የሚሄደው ነው።

እንግዲህ ያ ሙቀት የት ገባ? እንፋሎቱ ውስጥ ተደብቆ ሄደ። እንፋሎቱ ከፍ ብሎ ቀዝቅዞ የደመና ጠብታ ሲሆን፣ ከሐይቁ የወሰደውን ሙቀት በሙሉ እዚያው ሰማይ ላይ ይለቃል። አየሩ በዚያ ይሞቃል፣ የበለጠ ይነሳል፣ ደመናው የበለጠ ያድጋል። የነጎድጓድ ደመና ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ የሚቆለለው በዚህ ጉልበት ነው። ስለዚህ ደመና የውሃ ጓዝ ብቻ አይደለም። ሙቀትን ከውሃ ገጽ ወስዶ ሰማይ ላይ የሚያራግፍ ጫኝ ነው። የት እንዳራገፈ ነው የዓለምን ነፋስ የሚያንቀሳቅሰው።

ደግሞ ጫኙ ጌታውን መልሶ ይነካዋል። ቀን ሲሆን ደመና ጥላ ነው። ሌሊት ሲሆን ብርድ ልብስ ነው፤ ከታች የሚወጣውን የሙቀት ጨረር ይዞ መልሶ ወደ ታች ይልካል። ጣና ላይ ቀን ሰማዩ ስለሚከፈት ፀሐይ ውሃውን እንደልቧ ታገኘዋለች። የውሃ ገጽ ደግሞ ከላይ ከሚመጣ ብርሃን የሚያንጸባርቀው ከ10 በመቶ በታች ነው፣ የቀረውን ይውጣል። ያ የቀን ትርፍ ነው ማታ ለዶፉ የሚከፈለው።

የደመናን ጉልበት ለማየት ነሐሴን ማስታወስ ይበቃል። ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ አናት ላይ ትቆማለች፦ ሚያዝያ አጋማሽና ነሐሴ አጋማሽ ገደማ። በሁለቱም ቀን ጥላህ እግርህ ሥር ይገባል። ፀሐይዋ አንድ ናት። ግን ሚያዝያ ላይ በሙቀት እንቃጠላለን፣ ነሐሴ ላይ ጋቢ እንደርባለን። ሌላም ሌላም ምክንያት አለው፣ መሬቱ መርጠቡ አንዱ ነው። ዋናው ግን መሐል የገባው ደመና ነው።

አሁን ወደ ፓስፊክ እንሂድ። ያው ትምህርት ነው፣ ሳህኑ ብቻ ይሰፋል።

በተለመደው ዓመት በምድር ወገብ አካባቢ ነፋሱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። የሞቀውን የላይኛውን ውሃ እየገፋ ወደ ኢንዶኔዥያ በኩል ይከምረዋል። የምሬን ነው፣ ይከምረዋል፤ የውቅያኖሱ ገጽ በምዕራቡ ጫፍ ከምሥራቁ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እዚያ የውሃው ሙቀት ከ28 ዲግሪ ይበልጣል። በምሥራቁ ጫፍ፣ በፔሩ ዳርቻ፣ የተገፋውን ለመተካት ቀዝቃዛ ውሃ ከጥልቁ ይወጣል። በምዕራቡ ደመናው ሽቅብ ይቆለላል፣ ይዘንባል። ምሥራቁ ሌላ ዓለም ነው።

የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ በጣም የምትገርም ናት። ውቅያኖስ ዳር ተቀምጣ፣ ለወራት ሰማይዋ በግራጫ ደመና ተሸፍኖ፣ ዝናብ ግን የላትም ማለት ይቻላል። በረሃ ናት። ለምን? ከታች ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ከላይ ያለው አየር ይሞቃል። ልዩነቱ የተገለበጠ ነው። አየሩ ሽቅብ የሚነሳበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ደመናው ወደ ጎን ይዘረጋል እንጂ አያድግም። ክዳን እንደተገጠመበት ድስት ነው። የእኛ ሰው ደመና ባየ ቁጥር ዝናብ ይጠብቃል፤ ሊማ ቢወስዱት ዕድሜውን ሙሉ ጃንጥላ ይዞ ይቀመጥ ነበር።

እዚህ ላይ የደመናው ሁለት ጠባይ ይለያያል፤ በግሌ ከዚህ ሙያ ከሁሉም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። በሞቃቱ ምዕራብ ደመና ልጓም ነው። ውሃው ሲሞቅ ረጅም ደመና ይነሳል፣ ፀሐይን ይጋርዳል፣ ውሃው ረገብ ይላል። በቀዝቃዛው ምሥራቅ ግን ተቃራኒ ነው። ዝቅ ብሎ የተዘረጋው ደመና ፀሐይን እያንጸባረቀ ውሃውን ያበርደዋል፣ የበረደው ውሃም ደመናውን ያቆየዋል። በሆነ ምክንያት ውሃው መሞቅ ከጀመረ ግን ያ ዝቅተኛ ደመና ይሳሳል፣ ፀሐይ ትገባለች፣ ውሃው ይብስ ይሞቃል። እሳት ላይ ቤንዚን ማለት ነው። አንድ ደመና፣ ሁለት ተቃራኒ ሥራ። ሰዎች «ደመና ያሞቃል ወይስ ያቀዘቅዛል?» ብለው ሲጠይቁኝ «የትኛው? የት? በስንት ሰዓት?» የምለው ለማራዘም አይደለም።

ኤልኒኖ የሚባለው ያ የምሥራቅ ነፋስ ሲደክም ነው። የተከመረው ሙቅ ውሃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። በምሥራቅና በምዕራብ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ይጠብባል። ልዩነቱ ሲጠብ ነፋሱ ይብስ ይደክማል፣ ነፋሱ ሲደክም ልዩነቱ ይብስ ይጠብባል። በመካከለኛው ፓስፊክ የውሃው ገጽ ሙቀት ከተለመደው በግማሽ ዲግሪ ከፍ ብሎ ለወራት ከቆየ ባለሙያዎች ስሙን ይጠራሉ። ግማሽ ዲግሪ! ሻይ ላይ ብትጨምረው አይታወቅህም። ግን የተጨመረው ለአንድ ሲኒ ሳይሆን ለግማሽ ውቅያኖስ ነው።

ስሙን ያወጡት የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ናቸው፣ የአንተው ባልደረቦች። ሙቁ ውሃ የሚመጣው በገና ሰሞን ስለነበር በሕፃኑ ኢየሱስ ስም «ሕፃኑ» አሉት። ዓሣው ሲጠፋባቸው ነበር የሚያውቁት።

የኛ ጉዳይ የሚገባው አሁን ነው። «ውቅያኖሱ ሲሞቅ እኛ ጋ ለምን ይደርቃል?» ብለሃል። ቅዳሜ ገበያን አስብ። ገበያው ድንገት ወደ ሌላ ሰፈር ቢዛወር፣ የድሮው ሰፈር ሻጭ ምን ይሆናል? ዕቃው ከዓለም አልጠፋም። ገዢውም አለ። የሚሰበሰብበት ቦታ ነው የተቀየረው። በኤልኒኖ ዓመት አየር በብዛት ሽቅብ የሚነሳበትና ሙቀቱን የሚያራግፍበት ቦታ ወደ መካከለኛውና ምሥራቅ ፓስፊክ ይዛወራል። እዚያ የተነሳ አየር ሌላ ቦታ መውረድ አለበት። ጣና ላይ ቀን ከላይ እየወረደ ደመና የሚያጠፋውን አየር አስታውስ፤ እሱ ነው፣ በአህጉር ልክ።

በተጨማሪ፣ በክረምት ከራሳችን በላይ፣ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከሕንድ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወረወር ፈጣን ነፋስ አለ። እሱ ሲበረታ ከታች የሚነሳው አየር መውጫ ያገኛል፣ ክረምቱም ይጠነክራል። በኤልኒኖ ዓመት ይደክማል። ከደቡብ ምዕራብ እርጥበት ይዞ የሚመጣው ነፋስም አብሮ ይላላል። ላኒና የሚባለው ተቃራኒው ሲሆን ደግሞ ክረምታችን ብዙ ጊዜ ይበረታል።

ይሄን ግንኙነት መጀመሪያ ያሸተተው ሰው ሕንድ ውስጥ ነበር። ጊልበርት ዎከር የሒሳብ ሰው ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1904 የሕንድ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነ። ዝናቡ ሲቀር ረሃብ የሚያደርስባት አገር ናትና፣ አስቀድሞ የሚያውቅበት ምልክት ፍለጋ ከዓለም ዙሪያ መዝገብ ሰበሰበ። ፓስፊክ ላይ የአየር ግፊት ሲጨምር ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ይቀንሳል፣ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ ይላል ብሎ ጻፈ። ካመሳከራቸው መዝገቦች አንዱ ምን ነበር መሰለህ? የዓባይ ጎርፍ። የኛ ክረምት ነው እንግዲህ፣ ግብፅ ወርዶ የተለካ። (ከጣና የሚወጣው ውሃ ዓባይ የሱዳንን ድንበር ሲሻገር ካለው ከ10 በመቶ በታች ነው። ይሄን ስል የሚቀየሙኝ የባሕር ዳር ልጆች አሉ፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው። ጎርፉን የሚሞሉት ከታች ያሉት ገባር ወንዞች ናቸው።) ዎከር ምክንያቱን አላገኘም። የውሃው ሙቀትና ነፋሱ አንዱ ሌላውን እንደሚገፋ ያብራራው ኖርዌጂያዊው ያኮብ ብየርክነስ ነው፣ በዚያው አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ።

የቅርቡን አንተም ታስታውሳለህ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 2015፣ ከተመዘገቡት ብርቱ ኤልኒኖዎች አንዱ ነበር። ዝናቡ ከቀረባቸው መካከል አፋር፣ የሶማሌ ክልል ሲቲ ዞንና ዋግ ኽምራ ይገኙበታል። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈላጊ ሆነ። አስተውል፣ የከፋው ምሥራቁና ሰሜን ምሥራቁ ነው። ጣና ዙሪያ ከዝናቡ መንገድ እምብርት ላይ ስለሆነ ዱላው ይቀልለዋል። ስለዚህ ሬዲዮው «ክረምቱ ሊዳከም ይችላል» ሲል ባሕር ዳር ሆነህ ዝናብ ካየህ «ዋሹ» አትበል። የወቅት ትንበያ የዕድል ነገር ነው። ኤልኒኖ ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን ያጋድላል እንጂ አይፈርድም። ሕንድ ውቅያኖስም፣ አትላንቲክም፣ ቀይ ባሕርም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ሳልረሳ፣ ብዙ ሰው «የባሕር ዳር ዝናብ የጣና ትነት ነው» ይላል። አይደለም። ተፋሰሱ 15000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1400 ሚሊ ሜትር ታገኛለች። ሰሜኑ ትንሽ ቢያንስም፣ በተፋሰሱ ልክ ስታሰላው የሚወርደው ዝናብ ከሐይቁ ከሚተነው ብዙ እጥፍ ነው። ትነቱም የሚበረታው በበጋ ነው፤ ያኔ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። የክረምቱ እርጥበት አብዛኛው ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው። ጣና እንግዳውን አይወልድም። በስንት ሰዓት እንደሚወርድና የት እንደሚያርፍ ግን ይወስናል።

ላንተ ለሥራህ የሚሆነውን ልጨምር። በክረምት ምሽት ሐይቁ መሐል አትቆይ። ሰማዩ ቀን ብራ መዋሉ ለማታው ዋስትና አይደለም። እንዲያውም ብራ የዋለ ቀን ለሐይቁ ስንቅ ነው። ዝምታ ሆኖ ሳለ ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ፊትህን ከመታህ፣ እሱ ከዶፉ ሥር ወርዶ የተበተነ አየር ነው፤ ዶፉ ሩቅ አይደለም ማለት ነው። ቶሎ ወደ ቅርቡ ዳር ውጣ፣ ዛፍ ሥር ግን አትጠለል። መብረቅ ከፍ ያለውን ነው የሚፈልገው፤ ሜዳ ውሃ ላይ ደግሞ ከፍ ያልከው አንተ ነህ።

የከሰዓቱ ሞገድ ግን ከቀጠሮ አይቀርም። የዘጌ እንግዶችህን ማልደህ ይዘህ ውጣ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊትም መልሳቸው። «ትንሽ እንቆይ፣ ሰማዩ እኮ ብራ ነው» ቢሉህ፣ ብራ የሆነው ነፋሱ ሥራ ስለጀመረ ነው በላቸው።